ስንት ሳሙና እንደነበረ አልጽፍም

ባለፈው ሰሞን መርሳ ላይ ስለ ቁጠባ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም፣ አዳራሽ ተከፍቶ ሰው ሲሰበሰብ ካየሁ ገብቼ የኋላ ወንበር መያዝ አልተውኩም። ማስታወሻ ደብተሬም ከኮቴ ኪስ ተለይታ አታውቅም። አሠልጣኙ ከሩቅ ከተማ የመጣ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስላልነበረ ደጅ ላይ ጄኔሬተር እያጓራ፣ ምክሮቹን ግድግዳው ላይ በየተራ አበራልን። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የምትገዙትን ጻፉ። ሻይ ከውጭ አትጠጡ፣ እቤታችሁ አፍሉ። የማትጠቀሙበትን አምፖል አጥፉ። እዚህ ላይ ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት «እሱስ ሳንለፋ ጠፍቶልናል» አለችና አዳራሹ ሳቀ። ወጣቱም አብሮ ሳቀ። ቀጥሎ ጠየቀ፤ «ከእናንተ ውስጥ የሚቆጥብ ማነው? እስቲ እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አልወጣም። ወጣቱ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። «አያችሁ፣ ችግራችን ይኸው ነው። የቁጠባ ባህል የለንም።»

በሥራ ዘመኔ ስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። የእኔ ሥራ መስማትና መጻፍ ነበር። ያን ቀን የእስክሪብቶዬን ክዳን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት፤ ለሚያውቀኝ ሰው ይህ ጩኸት ነው። ከጎኔ የተቀመጡት እናት የታደላቸውን የፕላስቲክ ውኃ ግማሹን ጠጥተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ዘንቢላቸው ውስጥ ከትተዋል፤ ሁለት ባዶ ፕላስቲክም ከወለሉ ለቅመው ጨምረዋል። ከፊታቸው የተቀመጠችው ልጅ እግር የለበሰችው ቀሚስ በፊት መጋረጃ እንደነበረ ስፌቱ ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ናቸው ባህል የላቸውም የተባሉት። እጃቸውን ለምን እንዳላወጡ አውቃለሁ። መርሳ ላይ «ቆጥቤአለሁ» ብሎ እጅ ማውጣት ምን እንደሚያመጣ ከተማው የተማረው ድሮ ነው። ትምህርቱ ሲሰጥ እኔም ነበርኩ። እንዲያውም የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ከዚህ በታች የምጠራቸው ስሞች የሰዎቹ እውነተኛ ስሞች አይደሉም። አንድ ቁጥር ደግሞ አለ፤ ዛሬም ድረስ አስታውሰዋለሁ፣ አልጽፈውም። ምክንያቱን አንባቢ ከታሪኩ ያገኘዋል።

ያኔ ጦርነቱ ከእኛ በስተሰሜን ነበር፤ አንዳንዴ ይርቃል፣ አንዳንዴ ይቀርባል። መድፉን ባንሰማ እንኳ መንገዱን እናይ ነበር። መርሳን ለሁለት የሚከፍለው አስፋልት ቀኑን ሙሉ ሸራ የለበሱ መኪኖች ወደ ወልዲያ ይወጡበታል። ሲወጡ የሚዘፍኑ፣ ሲመለሱ ዝም ያሉ ናቸው። ሬዲዮ ማርሽ ያሰማል፣ ከማርሹ መሐል ቁጠባ ይሰብካል፤ ሁለቱም ሲሰለቻቸው ሻይ ቤቶቹ ይዘጉትና በቴፕ አምባሰል ያስገባሉ። ሻይ ሁለት ዋጋ ነበረው፣ ከስኳር ጋርና ያለ ስኳር። ስኳሩን በወረቀት ጠቅልሎ ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ደንበኛም ነበር፤ እሱ ያለ ስኳሩን ዋጋ ይከፍላል፣ ባለቤቱም ማንኪያ አይነፍገውም። የሸሚዝ ኮሌታ ሲበላ ልብስ ሰፊው ፈትቶ ይገለብጠዋል፤ ኮቱም እንዲሁ። ኮቱ የተገለበጠበት ሰው የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ ስለሚዞር ከሩቅ ይታወቃል። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ። እስክሪብቶዬን በቀኝ ደረቴ ሰክቼ ስሄድ ሹፌሮች «ግራኙ ጋዜጠኛ» ይሉኝ ነበር። ጫማ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነው። የመርሳ ብርቱካን ርካሽ ነበር፤ ሰው ሥጋውን በልቶ ልጣጩን አይጥልም፤ በጣሪያ ላይ አድርቆ እሳት ያቀጣጥልበታል። ዛሬ ብርቱካኑም እንደ ድሮው አይደለም፣ ልጣጩን የሚያደርቅም የለም። ጠዋት ጠዋት ከየጭስ ማውጫው የሚወጣው የተቃጠለ ልጣጭ ሽታ ግን አሁንም ድንገት አፍንጫዬ ላይ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የበረባሶዬ ጎማ የሚቆረቁረኝ ይመስለኛል።

የምኖረው እትዬ ሐዋ ግቢ ነበር፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። እትዬ ሐዋ ባላቸው የሞተባቸው፣ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ብርቱካንና ፓፓያ የሚሸጡ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ ወጣት ዘጋቢ ነኝ፤ አንድ ቀን ሲሪንቃ ደርሼ የእርሻ ሙከራ እጽፋለሁ፣ ሌላ ቀን ወልዲያ ሄጄ ዜናዬን በስልክ አነባለሁ። እትዬ ሐዋ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ጋዜጣው!» አሉኝ አንድ ማለዳ፣ ሲጋራዬን ስለኩስ አይተው። «ሙሉ ክብሪት ጫርህ እንዴ?»

«አንድ ክብሪት እኮ ነው እትዬ ሐዋ።»

«አንድ? ሁለት ነው እንጂ! ምላጭ የለህም?»

ምላጩን አምጥተው ክብሪቷን ከራሷ እስከ እግሯ ለሁለት ሰነጠቋት። ሁለቱንም ግማሽ ጫሩ። ሁለቱም ነደዱ። «አየህ? ፊደል የቆጠርከው አንተ፣ ክብሪት የምቆጥረው እኔ።»

ቤታቸው በዚህ ዓይነት ሥርዓት ነበር የሚመራው። ላምባ የሚቀዳው በጠርሙስ ክዳን ነው፤ ኩራዙ የሚበራው ከመግሪብ በኋላ ነው፤ ሰው ሲያወራ ብርሃን አያስፈልገውም ተብሎ ወሬ ሲጀመር ይጠፋል። ከሁሉ በላይ የሚከበረው ግን ሳሙና ነበር። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ በካርድ ለአንድ ቤት በወር አንድ የልብስ ሳሙና ያድላል። እትዬ ሐዋ ያቺን ሳሙና ቤት እንዳገቡ በክር ለሁለት ይቆርጧታል። በቢላ ከተቆረጠች ትፈረፈራለች፣ ክር ግን ምንም አያባክንም። ግማሿ ለወሩ ትሆናለች፤ ግማሿ አልጋ ሥር ወዳለው ሳጥን ትገባለች። ልብሳቸውን የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። እንዲህ ሲያደርጉ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከዚያም በፊት የተረፈ ነበር።

ምክንያቱን የነገሩኝ ሳልጠይቃቸው ነው። ሐራ የተዳረችው ልጃቸው ከድጃ የበኩር ልጇን አርግዛለች፤ የበኩር ልጅ ደግሞ የሚወለደው እናት ቤት ነው። «ከከድጃ በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ» አሉኝ ብርቱካን እየደረደሩ፣ ቀና ሳይሉ። «ጨርቁን በእንዶድ ነበር የማጥበው። ገላው ቆሰለ። ቁስሉ ሌላ ነገር አመጣ። የአላህ ሥራ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ይኼኛው ግን ጨርቁ በሳሙና ነው የሚታጠብ። ጨርሻለሁ።»

ሐኪም አይደለሁም፤ ሕፃኑ በምን እንደሞተ አላውቅም። የማውቀው እኚህ ሴት ለአንድ የሕፃን ገላ ሲሉ የራሳቸውን ገላ ከሳሙና እንደከለከሉ ነው።

በዚያ ሰሞን የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ ቁጠባ ተናገረ። ለግንባሩ ሲባል እያንዳንዱ ቤት ፍጆታውን ይቀንስ አለ። አጨበጨብን። በማግስቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ደረሰኝ፤ «አርአያ የሚሆን አንድ ቤተሰብ ፈልግ። ቁጥር ይኑረው።» ሩቅ አልሄድኩም። እትዬ ሐዋ ሳጥናቸውን ከፈቱልኝ፤ ሳሙናው በንጹህ አቡጀዲ ተጠቅልሎ በረድፍ ተቀምጧል። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሁለቴም አንድ ዓይነት ሆነ። ደብተሬ ላይ ቁጥሩን ጽፌ ከጎኑ «ቁራሽ ሳሙና» ብዬ አሰፈርኩ። ጨው በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ወልዲያ ወጣሁና ዜናውን በስልክ አነበብኩ። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ከወዲያ ያለው ሰው «ምን ሳሙና?» ይለኛል፤ «ቁራሽ» እላለሁ፤ «ምን?» ይላል፤ «ቁራሽ!» እላለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ፣ ከኋላዬም ተራ የሚጠብቅ ሰው እየተቆጣ ስለነበር፣ «ሳሙና፣ ሳሙና በለው» አልኩት። ከዜናው የወደቀችው ያቺ አንዲት ቃል ናት።

ሬዲዮው አነበበው። የእትዬ ሐዋ ሙሉ ስም፣ መርሳ፣ ሳሙና፣ ከነቁጥሩ። ግቢው በሰው ተሞላ። ጎረቤታችን አያ መኰንን፣ እጁ ዘወትር ዘይት የማይለየው መካኒክ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ከእንግዲህ ሐዋን ማነጋገር በማመልከቻ ነው!» አለ። እትዬ ሐዋ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሲደሰቱ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ለኔ ከስኳር ጋር ሻይ ሰጡኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሊቀመንበሩ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ዜናውን ወረቀት ላይ ገልብጦታል። ሳጥኑ ወጣ፤ ሳሙናው ግቢው መሐል ሰሌን ላይ ተዘረገፈ። አንዱ ጥበቃ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ሰው አጥሩን ከቦ ያያል።

«በወር አንድ ሳሙና የሚታደል ቤት» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ይህን ያህል ከየት አመጣሽ?» እናቱ የሚሆኑ ሴት «አንቺ» ሲባሉ አጥሩ ላይ ማጉረምረም ተሰማ።

«ከአንዷ ነው ጌታዬ» አሉ እትዬ ሐዋ።

«ጌታ የለም። ጓድ በይ።»

«ከአንዷ ነው ጓድ። ከአንዷ ላይ ነው ያመጣሁት፣ ሳልታጠብ።»

«ለምን ቆራረጥሽው?»

«ግማሿ ለወሩ፣ ግማሿ ለ…»

«ለችርቻሮ!» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ሙሉውን የሚገዛ ስለማይኖር በቁራሽ ለመሸጥ! ይህ አከማችነት ነው። የኢኮኖሚ አሻጥር ማለት ይኸ ነው!»

አያ መኰንን አላስቻለውም። «በማርያም ጓድ ሊቀመንበር፣ ባለፈው ሳምንት ቆጥቡ አላላችሁም?»

«ቆጥቡ ነው ያልነው፣ አከማቹ አላልንም!»

«ታዲያ ቆጥባ የት ታስቀምጠው፣ ሆዷ ውስጥ?»

ሰው ሳቀ። የከፋው ከሳቁ በኋላ መጣ። የተሳቀበት ሊቀመንበር ምስክር ፈለገና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «ጓድ ጋዜጠኛ፣ በሬዲዮ ያስነገርከው ቁጥር ልክ ነው አይደለም?»

ሰሌኑን አየሁ። ቁጥሩ ልክ ነበር። ቁጥሬ ልክ ሆኖ ካልተገኘ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜም እንዲሁ ነበርኩ። «ቁጥሩ ልክ ነው» አልኩ። «ነገር ግን በመስመሩ ምክንያት ቁራሽ የሚለው ቃል…»

«በቂ ነው ጓድ» አለ።

በቂ አልነበረም። ያን ጊዜ መቀጠል እችል ነበር። ግማሽ ሳሙና ሙሉ ሳሙና አይደለም፣ እዚህ ሰሌን ላይ ያለው እናንተው ካደላችሁት የዓመት ሳሙና ላይ የተነፈገ ግማሽ ነው፣ ብዬ መናገር እችል ነበር። ስሌቱን ማንም የሚሠራው ነው። እኔ ግን ጠመንጃዎቹን አየሁና ዝም አልኩ። ሳሙናውን በጆንያ ከተቱት፤ የኅብረት ሱቅ ካርዳቸውንም «ጉዳዩ እስኪጣራ» ብለው ወሰዱ። ካርድ የሌለው ቤት ሳሙና ብቻ አይደለም የሚያጣው። ላምባም፣ ስኳርም፣ ጨውም የለም። ጉዳዩ ተጣርቶ አያውቅም።

በማግስቱ ወልዲያ ወጥቼ እርማት አስነበብኩ፤ «ሳሙና የተባለው ቁራሽ ሳሙና ተብሎ ይታረም።» ከወዲያ ያለው ሰው «እርማት ሞራል ይነካል» አለኝ። እርማቱ አልተነበበም። ለብዙ ዓመታት ደብተሬ ውስጥ ተቀምጦ የኖረው እነሆ እዚህ ወጥቷል፤ ሰሚው ግን ካለፈ በኋላ ነው።

ሳሙናው ወደ ግንባር ሄደ ተባለ። ያላየሁትን አልጽፍም። ሲጫን አላየሁም፤ የተረከበ ሰውም ጠይቄ አላገኘሁም። ያየሁት አንድ ነገር ነው። በዚያ ወር፣ ከተማው በሙሉ በእንዶድ አጥቦ ሲገረጣ፣ በሊቀመንበሩ አጥር ላይ የተሰጡት ሸሚዞች ዓይን የሚወጉ ነጭ ነበሩ።

ከድጃ ከሐራ የመጣችው ሆዷ ገፍቶ፣ በአህያ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ነው። ሳጥኑን ከፍታ አየችው። ባዶ አቡጀዲ ብቻ ነው ያለበት። ከዚያ ወዲህ በክፍሌ በር ባለፈች ቁጥር እኔን ታየኝ ነበር። በወለደች ቀን አንዲት ጎረቤት በመዳፏ የሆነ ነገር ጨብጣ መጣች። ከራሷ የወር ሳሙና በክር የላጠችው ቁራሽ ነው፣ ከብርቱካን ልጣጭ ብዙም የማይወፍር። ከሷ ቀጥሎ ሌላ መጣች። ማንም አላስተባበረም። ክርስቲያኑም እስላሙም መዳፉን ጨብጦ እየገባ፣ «እንኳን ማረሽ» እያለ፣ መዳፉን ፈትቶ ይወጣ ነበር። አያ መኰንን የግሪስ ሽታ ያለበት ቁራሽ አምጥቶ «ይኼ ለአባትየው ይሁን፣ ሕፃኗ ግሪስ እንዳትሸትብኝ» አለ። እኔም በራሴ ካርድ ካገኘሁት የወር ሳሙና በክር ቆርጬ ሰጠሁ። እትዬ ሐዋ ተቀበሉኝ። ቁራሿን በእጃቸው መዝነው፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ጋዜጣው፣ አብሽር» አሉኝ። «አልተቀየምኩህም። ግን ከእንግዲህ በኔ ቤት አትቁጠር።»

ሕፃኗ አደገች። ጦርነቱም አለቀ። ሊቀመንበሩም ሳሙናውን ሳይመልስ ከመርሳ ጠፋ። እትዬ ሐዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው ሞቱ፤ ካርዳቸው ስላልተመለሰ ጨውና ላምባ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ከጎረቤት መዳፍ ነበር። በዚህ በቅርቡ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ፤ ባንኩ የተዘጋበት፣ መንገዱ የተቆረጠበት፣ ወልዲያም መርሳም በራቸውን ዘግተው የከረሙበት። ያን ጊዜም መሣሪያ የያዘ ሰው በር እያንኳኳ «ምን አስቀምጣችኋል?» ይል ነበር። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። «ምንም።» እነዚያ ወራት ያለ ገበያ ያለ ደመወዝ የታለፉት፣ ያ «ምንም» የተባለው ነገር በየአልጋው ሥር ስለነበረ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሰው በጄኔሬተር ብርሃን ቆሞ እነዚህን ሰዎች የቁጠባ ባህል የላቸውም ሲል እሰማለሁ። ባህሉ አለ። የሌለው የሚታመን ጠያቂ ነው። ቆጥቡ ያለው አፍ ተመልሶ አከማቻችሁ ሲል የሰማ ሰው፣ እንዴት አድርጎ ነው እጁን የሚያወጣው?

ሥልጠናው ሲያልቅ ወጣቱ በር ላይ አገኘኝ። ማን እንደሆንኩ ነግረውታል። «ጋሼ፣ ለሪፖርታችን የአንድ አርአያ ቤተሰብ ታሪክ ቢጽፉልን» አለኝ በትሕትና። «አጭር ቢሆንም ችግር የለውም። ቁጥር ግን ይኑረው።»

ክፉ ልጅ አይደለም። ያንኑ ትእዛዝ፣ በዚያው ቃል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደደገመልኝ በምን ያውቃል? «መርሳ ላይ የሚቆጥብ ሰው አላውቅም» አልኩት። በዕድሜዬ አውቄ ሐሰት ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ስለ አምፖሉ የቀለደችው ሴት ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ አስተያየቷ ግን ያው ድሮ በክፍሌ በር ስታልፍ የምታየኝ ነው። «አንቱ ጋዜጣው» አለችኝ። «ኮትዎ ዛሬስ ተገልብጧል?»

ከድጃ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው መርሳ፣ በእናቷ ቤት ነው። ወሰደችኝ። የመጨረሻ ልጇ የበኩሯን ልትወልድ ተቃርባለች፤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ሰላም አለችኝ። ዛሬ ሳሙና በየሱቁ አለ፤ ዋጋው ግን በየሳምንቱ ይወጣል፣ ነገ ደግሞ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ከድጃ ጎንበስ ብላ ያንኑ ሳጥን ሳበችና ከፈተችው። አቡጀዲው አዲስ ነው። ሳሙናው በረድፍ ተቀምጧል፣ በክር የተቆረጠ፣ ጠርዙ ያልተፈረፈረ። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

እጄ በራሱ ደብተሬ ወዳለችበት ኪሴ ሄደ። ከድጃ አየችው። እጄ ኪሴ ላይ እንዳለ ጠበቀች። ዓይኔ ደግሞ ረድፉን ጨርሶ ነበር፤ ልማድ ነው፣ ልከለክለው አልቻልኩም። እጄን ባዶውን አወጣሁ።

«ስንት አዩ?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት።

ሳጥኑን ዘግታ በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው።